«ብርድ ነው» እያልን የምናባክናቸው ቀናት



የበጋው ብርድ ገብቷል። ከኅዳር እስከ ጥር ከኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት ትንበያ ደጋግመን የምንሰማው ነገር ተመሳሳይ ነው፦ በሰሜን ምሥራቅና በመካከለኛው ደጋማ አካባቢዎች የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይጠናከራል፣ ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፣ በአንዳንድ ቦታዎች የሙቀት መጠኑ ከ5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይወርዳል። ለመካነ ሰላም፣ ለሣይንትና ለለጋምቦ ሰው ይህ አዲስ ዜና አይደለም። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከእሷም በላይ ወደ ደንቆሮ ጫካና ወደ አምባ ፈሪት የሚወጣ አገር አለ። ከፍታው በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ስለሚቀንስ፣ ከተማው ውስጥ «ቀዝቃዛ» የተባለው ሌሊት ላይኛው ቀበሌ ሲደርስ ውርጭ ነው።

ገበሬው ይህን ትንበያ ሲሰማ ባቄላውንና ምስሩን ያስባል። ዜናውም ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ሰብልና ስለ ከብት ነው። ልክ ነው፣ ውርጭ አንድ ሌሊት የዓመት ልፋት ይበላል። እኔ ግን ይህ ትንበያ ከሰብሉ እኩል የሕፃናት ጉዳይ ነው ባይ ነኝ። በተለይ ደግሞ «ብርድ ነው» በምትለው አባባላችን ላይ ቅሬታ አለኝ።

ልጁ ያስላል፣ «ብርድ ነው»። አላጠባ ብሏል፣ «ብርድ መታው»። ትንፋሹ ፈጠነ፣ «ብርዱ ደረቱ ላይ ወጣበት»። ሕክምና ቤት የሚመጡ አያቶች ገና በሩ ላይ ሆነው «ዶክተርዬ፣ ብርድ ነው የመታው» ይሉናል። ስንት ቀን ሆነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ ምን ተደረገ? ልጁ ተሸፋፈነ፣ በሩ ተዘጋ፣ እሳቱ በረታ፣ ዳማከሴ ተጨመቀ፣ ጤና አዳም ተሸተተ፣ አንዳንድ ቤትም ቅቤ እንዲውጥ ተደረገ። ሁሉም የተደረገው በፍቅር ነው። በእነዚያው ቀናት ግን የሳንባ ምቹ ሥራውን ሲሠራ ነበር።

ስሙም አሳስቶናል እላለሁ። የሳንባ ኢንፌክሽኑን በአማርኛ «የሳንባ ምች» ብለን ጠራነው። በእኛ አገር ምች ማለት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ያመጣዋል፣ ዳማከሴ ያሽረዋል ይባላል። ስለዚህ እናትየዋ «የሳንባ ምች ነው» ስትባል የሰማችው «ምች» የሚለውን ነው። የሳንባ ምች ግን ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ የሳንባን የአየር ከረጢቶች ሲያጠቃና ሲሞላ የሚመጣ ሕመም ነው። በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በመግደል ከተላላፊ በሽታዎች ሁሉ ቀዳሚው እሱ ነው። በቅጠል አይድንም።

ብርዱ ምንም አያደርግም እያልኩ አይደለም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር የአፍንጫን መከላከያ ያዳክማል፣ ለጉንፋን ቫይረሶችም ይመቻቸዋል። ከዚህ በላይ የሚጎዳን ግን ብርዱን ሸሽተን የምናደርገው ነገር ነው። ስድስትና ሰባት ሰው፣ አንዳንዴም ከብቶቹ ጭምር፣ አንድ ክፍል ውስጥ በር ዘግተን እናድራለን። አንዱ ካሳለ ሁሉም ያንኑ አየር ይተነፍሳል። መሀል ላይ ምድጃው አለ። የወሎ ደጋ ደግሞ እንጨት ያጣ አገር ነውና የሚነደው ብዙውን ጊዜ ኩበት ነው፤ ኩበት ከእንጨት ይበልጥ ይጨሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ በሳንባ ምች ከሚደርሰው ሞት ግማሽ የሚጠጋው ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር የተያያዘ ነው። የልጁ ሳንባ ትንሽ ስለሆነና ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ፣ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ምድጃ ዳር የሚውል ሕፃን ከሁሉም በላይ ጭስ ይስባል።

ስለዚህ «ልጅሽን ከብርድ ጠብቂ» ብለን የምናሰናብት እኛ ባለሙያዎች ምክራችን ጎዶሎ ነው። እናት ይህን ስትሰማ የምታደርገው በሩን መዝጋትና እሳቱን ማጠንከር ነው። ምክሩ «አሙቂው፣ ግን ከጭስ አርቂው» መሆን አለበት። ምግብ በሚበስልበት ሰዓት ሕፃኑን ሌላ ሰው ይያዘው። እሳቱ ሲቀጣጠል፣ ያኔ ጭሱ ከሁሉ ስለሚብስ፣ በሩ ይከፈት። ነፋስ በማይመጣበት በኩል ከጣሪያው ሥር ትንሽ ጭስ መውጫ ይተው። ሌሊት ሙቀት ከእሳት ሳይሆን ከባና፣ ከጋቢና ከእናት ገላ ይምጣ።

ስለ ከሰል ደግሞ ለብቻው ልናገር። ይህ ከገጠሩ ይልቅ ከተማ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖረውን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን፣ አራስ ቤት ያለችውን ይመለከታል። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ አልቋል፣ ችግር የለውም» የሚባለው ስሕተት ነው። ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም። ኦክስጅን ከሚሸከመው የደማችን ክፍል ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይጣበቃል። የቀላው ከሰልም ያወጣዋል። አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች አብረው ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ከጀመራቸው ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በሩን ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡና ወደ ሕክምና ሂዱ። ነፍሰ ጡር ካለች ቀድማ ትውጣ፣ ፅንሱ ከእሷም ይብስ ይጎዳል። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ከነከሰሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ጥግ ላይ ማስቀመጥ ማውጣት አይደለም።

አሁን ወደ ልጁ ደረት እንመለስ። በብርድ ወቅት ልጆቻችንን አጥብቀን ስለምንጠቀልል ደረታቸውን የሚያይ የለም። ሳሉ ይሰማል፤ ሳል ብቻውን ግን ብዙ አይነግረንም። የሚናገረው ትንፋሹ ነው። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን ከፍ አድርጉና ደረቱና ሆዱ ሲነሳ ሲወርድ በስልካችሁ ሰዓት ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ከሆነ በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ይባላል። የሚያስል ወይም መተንፈስ ያስቸገረው ልጅ ይህ ከታየበት የሳንባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይታይ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ፣ መጥባትና መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም የፈዘዘና አልነቃ ያለ ከሆነ ግን ድንገተኛ ነው።

ይህን መቁጠር ለመማር ማንበብ እንኳ ግድ አይደለም፤ አንድ ሰው ሰዓት ይዞ ሌላው ይቆጥራል። ከሁሉም የጤና ትምህርቶቻችን ይልቅ ይህቺን ብቻ እያንዳንዱ አባት ቢያውቃት ደስታዬ ነው። አባት ያልኩት በምክንያት ነው። ልጁ ይሂድ አይሂድ፣ በቅሎ ይጫን ወይም መኪና ይጠበቅ የሚለውን ብዙ ቤት ውስጥ የሚወስነው እሱ ነው።

ከተወለደ 2 ወር ያልሞላው ሕፃን ሕጉ ሌላ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲታመም ሁልጊዜ አያተኩስም፤ ይቀዘቅዛል። ተሸፋፍኖም እግሩና ሆዱ ከቀዘቀዘ፣ ጡት ከሰነፈ፣ «ብርዱ ነው» ሳይሆን ኢንፌክሽን ነው ብላችሁ ጠርጥሩና በዚያው ሰዓት ውሰዱት። ጤነኛውንም ቢሆን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት አትጠቡት። አድርቁት፣ ኮፍያ አድርጉለት፣ ልብሱን አውልቃችሁ በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኙትና ሁለቱንም ከላይ በጋቢ ሸፍኑ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት ይጀምር። ክብደቱ ያነሰ ሕፃን የሚያድገው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከእናት ደረት የተሻለ ማሞቂያ የወሎ ደጋ ላይ የለም። ክርስትና በሚነሳበት ማለዳም ደረቅ ፎጣና ኮፍያ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወዲያው ይድረቅ።

አንድ ነገር ደግሞ ከብርዱ ጋር ተያይዞ ይረሳል፤ ፀሐይ። በኅዳርና በታኅሣሥ ነፋሱን ፈርተን ሕፃኑን ለሳምንታት ጨለማ ቤት ውስጥ እናስቀምጠዋለን። ቫይታሚን ዲ ያጣ ልጅ አጥንቱ ይለሰልሳል፣ የጎድን አጥንቶቹና ጡንቻዎቹ ስለሚላሉም በደንብ መተንፈስና ማሳል ያቅተዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በአዲስ አበባ የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት የሪኬትስ በሽታ ያለባቸው ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በፀሐይ አገር! የበጋው ሰማይ ጥርት ያለ ነው፤ ሌሊቱ እንዲህ የሚበርደውም ሰማዩ ደመና አልባ ሆኖ የቀኑ ሙቀት ስለሚያመልጥ ነው። እንግዲያው ብርዱን ካመጣብን ሰማይ ፀሐዩን እንውሰድ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ነፋስ በማይመታው ግድግዳ ጥግ፣ ልብሱን ገለጥ አድርጋችሁ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃዎች አሙቁት። በመስታወት ውስጥ የገባ ፀሐይ አይጠቅምም።

እንጥል ማስቆረጥ ለሳል መድኃኒት አይደለም፤ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያስገባል። ከጎረቤት የተረፈ አሞክሲሲሊን መስጠትም እንዲሁ ይቅር። ክትባቱን ግን አታቋርጡ። የሳንባ ምች ዋነኛ አምጪ የሆነውን ባክቴሪያ የሚከላከለው ክትባት በአገራችን ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል፤ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት። በብርድ ምክንያት ቀጠሮ የሚያስተላልፉ እናቶች አሉ፤ ልጁ ሊጠበቅ የሚገባው በዚሁ ወቅት ስለሆነ ሸፍናችሁ ውሰዱት።

«ሆስፒታሉ ሩቅ ነው» የሚለው እውነት ነው፤ በዚህ የፀጥታ ሁኔታ መንገድ የሚዘጋባቸው ቀናት እንዳሉም አውቃለሁ። ነገር ግን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በጤና ኬላ ላይ የሕፃናትን የሳንባ ምች አይተው አሞክሲሲሊን እንዲሰጡ ተደርጓል። በመጀመሪያው ቀን ኬላ የደረሰ ልጅ ብዙ ጊዜ ቤቱ ሆኖ በክኒን ይድናል። በአራተኛው ቀን የመጣው ኦክስጅንና መርፌ ይፈልጋል፣ ያም ከወረዳ ከተማ በታች አይገኝም። መድኃኒቱ የታዘዘላችሁን ቀን ሁሉ ይሰጥ፣ ልጁ በሁለተኛው ቀን መሳቅ ቢጀምርም።

ሌሊት ሆኖባችሁ መንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ልጁን ከጭስ አውጡት፣ ቀና አድርጋችሁ ደረታችሁ ላይ ያዙት፣ አፍንጫውን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጥረጉለት፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ጡት ስጡት፣ ትንፋሹን በየሰዓቱ ቆጥራችሁ ያዙ። ለጤና ኤክስቴንሽኗ ደውሉ፣ ስልኳ አስቀድሞ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ። የክትባት ካርዱን ይዛችሁ ጎህ ሲቀድ ተነሡ፤ ፀሐይ እስክትሞቅ አትጠብቁ።