ለተጎዳ ሬቲና የሚደረግ የህዋስ ንቅለ ተከላ፦ የምርምሩ ደረጃና ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

ሬቲና በዓይን ውስጠኛው ጀርባ የሚገኝ፣ ብርሃንን ተቀብሎ መልእክቱን ወደ አንጎል የሚልክ ስስ ሽፋን ነው። ከሥሩ ያሉት ደጋፊ ህዋሳት ሲሞቱ ብርሃን ተቀባዮቹም ተከትለው ይጠፋሉ፤ የሰው ሬቲናም የጠፉትን በራሱ አይተካም። በስቴም ሴል አማካኝነት አዲስ ህዋሳትን አዘጋጅቶ የመትከል ምርምር የተጀመረው ይህን ጉድለት ለማሟላት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 በጃፓን ኮቤ ከተማ፣ በዶክተር ማሳዮ ታካሃሺ በሚመራ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት በላይ ለሆነ አንዲት ታካሚ ከራሳቸው ቆዳ የተዘጋጀ የደጋፊ ህዋሳት ንጣፍ ተተክሏል። ከአንድ ዓመት በኋላ ንጣፉ በቦታው የነበረ ሲሆን እይታቸው አልተሻሻለም፤ አልባሰምም። ለሁለተኛው ታካሚ በተዘጋጁት ህዋሳት ላይ የዘረመል ለውጥ በመታየቱ ተከላው ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ በሆነው የለንደን ጥናት ደግሞ ሁለት ታካሚዎች ከ12 ወራት በኋላ ከቀድሞው 21 እና 29 ተጨማሪ ፊደላትን ማንበብ ችለዋል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ቢሆንም በሁለት ሰዎች ላይ የታየ በመሆኑ ለመደበኛ ሕክምና መነሻ አይሆንም።

ተስፋው ለጉዳት የተዳረገበት አጋጣሚም አለ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ሦስት ሴቶች እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለው ከሰውነታቸው ስብ የተወሰደ ስቴም ሴል በሁለቱም ዓይኖቻቸው በአንድ ቀን ተወግተው እይታቸው ክፉኛ መጎዳቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በሕክምና መጽሔት ታትሟል።

ጉዳዩ በአገራችን በተለየ ሁኔታ ሊታይ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት መንስኤዎች ግማሽ ያህሉ የዓይን ሞራ ግርዶሽ፣ 11.5 በመቶው ደግሞ በትራኮማ የመጣ የዓይን ብሌን ጠባሳ ነበር። የሞራ ግርዶሽ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ትራኮማም መከላከል ይቻላል። በመሆኑም የሕመሙን ምክንያት ሳያውቅ የስቴም ሴል ሕክምናን የሚጠባበቅ ሰው በቅርቡ ሊያገኘው የሚችለውን ፈውስ ሊያጣ ይችላል። የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ከሬቲና ህዋስ ተከላ የተለየና በአገር ውስጥ የሚሰጥ አገልግሎት መሆኑንም መገንዘብ ያስፈልጋል።

ስለሆነም ተገልጋዮች ከሁሉ አስቀድመው በዓይን ሐኪም ተመርምረው የሕመማቸውን ስም በጽሑፍ እንዲይዙ፣ የስኳር ሕመም ያለባቸው ምልክት ባይኖራቸውም ሬቲናቸውን በየዓመቱ እንዲያስመረምሩ ይመከራል። ድንገተኛ የእይታ መቀነስ ወይም የብርሃን ብልጭታ ያየ ሰው በዕለቱ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።

ለሕክምና ወደ ውጭ ለመሄድ ያሰበ ተገልጋይም ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሕክምናው በአገሩ ተቆጣጣሪ አካል መፈቀዱን፣ ጥናት ከሆነም የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘቱን ማጣራት አለበት። በጥናት ስም ከፍተኛ ክፍያ መጠየቅና ሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን ማከም ዋነኞቹ የማስጠንቀቂያ ምልክቶች ናቸው።