«ዶክተር» ሲባል ምን ማለት ነው? የአማራጭ ሕክምና ተመራማሪዎች የሚሠለጥኑበት መንገድና እኛ አማኞች

«ዶክተር እገሌ ስኳርን፣ ደም ግፊትን፣ ጨጓራንና ካንሰርን በተፈጥሮ መድኃኒት ያድናሉ» የሚል ማስታወቂያ ያላየ ወይም ያልሰማ ሰው ከመካከላችሁ ይኖራል ብዬ አላስብም። ብዙዎቻችን «ዶክተር» የሚለውን ስም ስንሰማ ጥያቄያችን እዚያው ላይ ያበቃል። በአማርኛ ሐኪሙንም፣ የታሪክ ምሁሩንም፣ በእንዶድ ላይ ፒ.ኤች.ዲ. የሠራውንም በአንድ ስም ስለምንጠራ ግራ መጋባታችን አያስደንቅም። (በየጉባኤው የሚታደለውን የክብር ዶክትሬት ጉዳይ ለሌላ ቀን እንተወው።)

ጉዳዩ ወቅታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የዓለም ጤና ድርጅት አባል አገሮች ከ2025 እስከ 2034 የሚዘልቅ የባህላዊና ተጓዳኝ ሕክምና ስትራቴጂ አጽድቀዋል፤ ከዓላማዎቹም አንዱ ስለ እነዚህ ሕክምናዎች ያለውን ማስረጃ ማጠናከር ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለ2026 ባቀረበው የበጀት ሐሳብ፣ ይህንኑ ምርምር የሚደግፈው ብሔራዊ ማዕከል እንዲዘጋ ጠይቆ ነበር። አንዱ ማስረጃ ይብዛ ይላል፤ ሌላው ማስረጃ የሚፈልገው ቤት ይዘጋ ይላል። ታዲያ በዚህ መስክ የዶክትሬት ተመራማሪ ማሠልጠን ምን ይጠቅማል? ለእኛስ ምን አገባን?

በመጀመሪያ ተጓዳኝ ሕክምና የሚባለው ምን እንደሆነ እንይ። አኩፓንቸር፣ ሆሚዮፓቲ፣ የዕፅ እንክብሎች፣ የጀርባ አጥንት ማሸት፣ ዮጋና የመሳሰሉት በዚህ ስም ይጠራሉ። ከመደበኛው ሕክምና ጎን ሲሰጡ «ተጓዳኝ»፣ በእርሱ ፋንታ ሲሰጡ «አማራጭ» ይባላሉ። ብዙ አማኞች የማያውቁት ግን ጸሎትም እዚህ መዝገብ ውስጥ ገብቶ እንደነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ከ31,000 በላይ አዋቂዎች ተጠይቀው፣ በ2004 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት 36 ከመቶው ባለፈው ዓመት አንድ ዓይነት አማራጭ ወይም ተጓዳኝ ሕክምና ተጠቅመዋል። ስለ ጤና የተጸለየ ጸሎት ሲጨመር ግን ቁጥሩ ወደ 62 ከመቶ አሻቀበ። ማለትም የታመመች እናቱ አጠገብ ተንበርክኮ የጸለየ ወንድም በቆጠራው ላይ ከአኩፓንቸር ተጠቃሚ ጋር አብሮ ተደምሯል! ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን ጉዳዩ እስከ ደጃችን መድረሱን ያሳያል።

አሁን ወደ ሥልጠናው እንለፍ። በአሜሪካ ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 በ2 ሚሊዮን ዶላር በተከፈተ አንድ ትንሽ ቢሮ ነው። በ1998 ቢሮው ወደ ብሔራዊ ማዕከልነት አደገ፤ በ2005 የዓመት በጀቱ ከ120 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። በታኅሣሥ 2014 ከስሙ «አማራጭ» የሚለው ቃል ወጣ። ከገንዘቡ ከፊሉ የሚውለው ለወጣት ተመራማሪዎች፣ የዶክትሬት ተማሪዎችን ጨምሮ፣ ማሠልጠኛ ነው።

እነዚህ ተማሪዎች የሚማሩት ማከምን አይደለም፤ ይህን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። በአኩፓንቸር ላይ የዶክትሬት ጥናት የሚሠራ ሰው በሽተኛ ላይ መርፌ ሳይተክል ሊመረቅ ይችላል። የሚማረው መጠየቅን ነው። በመጀመሪያ በጉዳዩ ላይ ከዚያ በፊት የተጻፈውን ሁሉ፣ የሚስማማውንም የማይስማማውንም፣ ለቅሞ ያነባል። ከዚያ ጥያቄውንና የሚለካውን ነገር አስቀድሞ ጽፎ ያስመዘግባል፤ ውጤቱ ከወጣ በኋላ ጥያቄውን እንዳይለውጥ ማለት ነው። የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። በሽተኞችን በዕጣ ይመድባል፤ ዕጣ ማውጣት ለመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፣ እዚህም ዓላማው ሰው እንደ ፈቃዱ እንዳያዳላ ነው። የሚያስመስል ሕክምናም ያዘጋጃል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1998 ጀርመናውያን ተመራማሪዎች ያስተዋወቁት መርፌ አለ፤ ሲጫኑት እንደ ቲያትር ጩቤ ወደ እጀታው ይገባል እንጂ ቆዳ አይበሳም። በሽተኛው ግን የተወጋ ይመስለዋል።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ብዙ ጊዜ ባለቤቱን የማያስደስት መልስ ነው። በጀርመን 1,162 የጀርባ ሕመምተኞች የተካፈሉበትና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ነበር። ከስድስት ወር በኋላ በእውነተኛው አኩፓንቸር 47.6 ከመቶው፣ በማስመሰያው 44.2 ከመቶው፣ በተለመደው ሕክምና 27.4 ከመቶው መሻሻል አሳዩ። ሻጩ ይህን ቢያገኝ «አኩፓንቸር ከሐኪም ቤት ይበልጣል» ብሎ ይለጥፈዋል፤ ውሸትም አልተናገረም። የሠለጠነው ሰው ግን ሁለቱን የመጀመሪያ ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀምጥና፣ መርፌው የትም ቢተከል ያን ያህል ለውጥ ካላመጣ የረዳው ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። የሚያዳምጥ ሰው ማግኘት ይሆን? ተስፋ ይሆን? የዶክትሬቱ ዋጋ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚያስተምረን የእንግሊዙ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሰር ሞሪስ ሌይንግ የተባሉ የታወቁ የሕንፃ ተቋራጭ በሰጡት 1.5 ሚሊዮን ፓውንድ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የተጓዳኝ ሕክምና ፕሮፌሰርነት መንበር አቋቋመ። የተሾሙት ኤድዛርድ ኧርንስት ጀርመን ተወልደው ያደጉ ሐኪም ሲሆኑ፣ በወጣትነታቸው በሙኒክ በሆሚዮፓቲ ሆስፒታል ሠርተዋል። ባለሙያዎቹ «የእኛ ሰው ተሾመልን» ብለው ቢደሰቱ አይፈረድባቸውም። ሰውዬው ግን አብረዋቸው ከሚሠሩት ወጣት ተመራማሪዎች ጋር አንድ በአንድ ይፈትኑ ጀመር። አንዳንዱ ዕፅ ፈተናውን አለፈ፤ ሆሚዮፓቲና ሌላው ብዙው ወደቀ። ቀድሞ የደገፏቸው ተቃዋሚ ሆኑባቸው፤ ገንዘቡም እየደረቀ ሄደ፤ እርሳቸውም በ2011 ቦታውን ለቀቁ።

ከሥራዎቻቸው አንዱ በቀጥታ እኛን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት 120 የቆየ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዕጣ ተመደቡ። ለአንዳንዶቹ «መንፈሳዊ ፈዋሾች» የሚባሉ ሰዎች በሳምንት ግማሽ ሰዓት ለስምንት ሳምንት ፊት ለፊት ፈውስ ሰጡ። ለሌሎቹ ደግሞ ፈዋሽ መስለው የሚተውኑ ሰዎች ያንኑ እንቅስቃሴ አደረጉ፤ በልባቸው ግን ምንም ፈውስ አያስቡም ነበር። ከሩቅ ፈውስ የተላከላቸውና ያልተላከላቸውም ነበሩ። ፈዋሽ ያገኙት በሽተኞች በእርግጥ ተሻላቸው፤ ነገር ግን ተዋናይ ያገኙትም እንደዚያው ተሻላቸው። እነዚያ ፈዋሾች በኢየሱስ ስም የሚያገለግሉ አልነበሩምና «አይመለከተንም» እንል ይሆናል። ነገር ግን በመድረካችን ላይ «ሕመሙ ለቀቀኝ» የሚል ምስክርነት በዚያው ደቂቃ ስንሰማ፣ ተዋናይም ያንን ያህል ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ማወቅ አይከፋም።

ለሥልጠናው ማን ይከፍላል የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም። በ1998 ለአሜሪካው ማዕከል መቋቋም ዋና ተሟጋች የነበሩት ሴናተር ቶም ሃርኪን በ2009 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በምክር ቤት መድረክ ላይ ማዕከሉ ሕክምናዎቹን ከማጽደቅ ይልቅ ሐሰት መሆናቸውን በማሳየት ላይ ማተኮሩ እንዳሳዘናቸው ተናግረዋል። አስቡት፤ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ተመራማሪ ቀጠረ ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅርንጫፍ ከሳሙኤሊ ቤተሰብ ለዚህ መስክ 200 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጠው ብዙ ሐኪሞች ተቃውመዋል። በእኔ አስተያየት ገንዘቡ ራሱ ኃጢአት የለበትም። ሌይንግም ሰጪ ነበሩ። ጥያቄው ተማሪው «አልሠራም» የሚል ውጤት ቢያገኝ መመረቅ ይችላል ወይ የሚለው ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ ደግሞ ከማንም ያላነሰ ታሪክ አለን። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ፣ በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉ ወጣት ተመራማሪ፣ ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ አድዋ ደረሱ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ፣ ከእነርሱ ዝቅ ብሎ ባለው ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድን እናቶቻችን ለዘመናት ያውቁታል። ቀንድ አውጣው የበሽታው ተሸካሚ መሆኑን ያወቀ ዓይን ግን ያስፈልግ ነበር፤ ሥልጠናው የሰጣቸው ያንን ዓይን ነው። እርሳቸውም አይተው ብቻ «መድኃኒት አገኘሁ» ብለው ከበሮ አልመቱም። በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በተደረገው ሙከራ ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉት ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረደ። ይህም ሆኖ የውጭ ተቋማት የመርዛማነት ምርመራ ይቅደም እያሉ ዓመታት አለፉ። ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል።

ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎቻችን የፋርማሲ ተማሪዎች የአገራችንን ዕፆች ጭማቂ ወባ በያዛቸው አይጦች ላይ እየፈተኑ ብዙ ጽሑፍ ያሳትማሉ። ይህ መልካም ነው። ችግሩ አብዛኛው ሥራ አይጧ ላይ መቆሙ ነው። ከአይጥ ወደ ሰው የሚያሻግረው ድልድይ ረጅምና ውድ ነው፤ በሰው ላይ የሚደረግን ሙከራ የሚመራ የሠለጠነ ሰውም ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው ማዕከል በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገና ሲገባ፣ ከአገር በቀል ዕውቀት የተቀመመ መድኃኒት የመጀመሪያውን የቤተ ሙከራ ፍተሻ አለፈ ተብሎ በመንግሥት ሲነገር ስንቶቻችን «ተገኘ!» ብለን ለዘመድ አስተላልፈናል? የተነገረው ገና የመንገዱ መጀመሪያ ነበር። እኛ የሰማነው ግን መጨረሻውን ነው።

ጸሎትንም እንዲሁ በሚዛን ለማስቀመጥ የሞከሩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመው ትልቅ ጥናት በስድስት ሆስፒታሎች የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 1,802 ሰዎች ተካፍለዋል። ሳያውቁ የተጸለየላቸው 52 ከመቶው፣ ያልተጸለየላቸው 51 ከመቶው፣ እንደሚጸለይላቸው በእርግጥ የተነገራቸው ደግሞ 59 ከመቶው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንድ ዓይነት ችግር ገጠማቸው። የማያምኑ ወዳጆቻችን ይህን ቁጥር ሲጠቅሱብን ልንደነግጥ አይገባም። «ያልተጸለየላቸው» የተባሉትን እናቶቻቸውና ቤተ ክርስቲያናቸው አልጸለዩላቸውም ብሎ ማን ይመሰክራል? እግዚአብሔርም በሚሊግራም የሚለካ መጠን አይደለም። ነገር ግን ጥናቱ አልተመቸንም ብለን ስንጥለው፣ በዚያው አፋችን «ሳይንስ ጸሎት እንደሚፈውስ አረጋገጠ» የሚል ወሬ ሲመጣ ማሰራጨት አይገባንም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አይቻልም።

ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የጢሞቴዎስ መልእክት 4፥20 ላይ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው ጽፏል። ብዙዎች በእጁ የተፈወሱለት ሰው ያልተፈወሰውንም ባልንጀራውን ከነስሙ መዝግቧል። በምስክርነት ፕሮግራሞቻችን ላይ ጥሮፊሞስን የሰማችሁ ስንት ጊዜ ነው? ሕዝቅያስም በጸሎቱ መልስ ባገኘ ጊዜ ነቢዩ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ ማዘዙን በኢሳይያስ 38 ላይ እናነባለን።

ይህ የመማሪያ ክፍል ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ አላደክማችሁም ነበር። የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ «ተፈውሰሻል፣ ጣይው» ተብለው መድኃኒታቸውን ያቆሙ ሰዎች በየቤተ እምነቱ ነበሩ፤ ተመልሰው ሆስፒታል የደረሱም፣ ያልደረሱም አሉ። በውጭ አገር ደግሞ አደጋው ሌላ መልክ አለው። ለጭንቀትና ለድብርት ሴንት ጆንስ ዎርት የተባለ ዕፅ በአሜሪካ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። እ.ኤ.አ. በ2000 ተመራማሪዎች ኢንዲናቪር ከተባለው የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ጋር ሲወስዱት፣ በደም ውስጥ የሚገኘውን የመድኃኒት መጠን 57 ከመቶ እንደሚቀንሰው አገኙ። ሰውዬው መድኃኒቱን በየቀኑ እየዋጠ ቫይረሱ ያመልጠዋል ማለት ነው። ዛሬ በስፋት ከሚሰጠው ዶሉቴግራቪር ጋርም አብሮ እንዳይወሰድ ማስጠንቀቂያ አለ። ይህን ያገኙት ሰዎች ዕፁን ጠልተው አይደለም፤ «ተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውን ቃል ሳይፈትኑ አልቀበልም ስላሉ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው «ዶክተር» ተብሎ ዕፅ ሲያቀርብላችሁ ሐኪም ነዎት ወይስ ተመራማሪ፣ ይህስ መድኃኒት ስንት ሰው ላይ ተሞከረ፣ ያልዳኑትስ ስንት ነበሩ ብላችሁ ብትጠይቁ ድፍረት አይሆንባችሁም። በእርግጥ የሠለጠነ ከሆነ ጥያቄው ደስ ይለዋል። አሁን መድኃኒት እየወሰዳችሁ ዕፅ የምትጨምሩ ወገኖች ደግሞ ለሚያክማችሁ ሐኪም የዕፁን ስም ንገሩት፤ ስሙን ካላወቃችሁ ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።