«የጥንቃቄ ጉድለት» ስለሚባለው የሒሳብ ስሕተት

መምህራን በደብተር ኅዳግ «ጥንቃቄ ይጎድላል» ብለው የሚያልፉት ስሕተት ሁሉ የጥንቃቄ ጉዳይ አይመስለኝም። 7 − 2(ሀ − 3) = 5 የሚለውን እኩልታ እንውሰድ። ተማሪው ቅንፉን ሲፈታ በ+6 ፈንታ −6 ከጻፈ፣ ሀ = −2 ላይ ይደርሳል፤ ትክክለኛው 4 ነው። የምልክቶችን ሕግ በቃሉ ያውቃል፤ የመቀነስ ምልክቱም ከ2 ጋር አብሮ እንደሚባዛ ግን አላስተዋለም። «ተጠንቀቅ» መባሉ ይህን አያሳየውም። የምርጫ ፈተና ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል፤ −2 ከአማራጮቹ አንዱ ከሆነ፣ ተማሪው መልሱን እዚያው አግኝቶ ልቡ ያርፋል። በሀ ቦታ −2ን ተክቶ ቢያሰላ ኖሮ ግን 5 ሳይሆን 17 ያገኝ ነበር። ስለዚህ መምህራን ለማረጋገጫው መስመርም ነጥብ ሊሰጡ ይገባል፤ ከ5 ነጥብ 1ዱ ይበቃል።