ዋስ የሌለው እርቅ

ወንድሞቼ ሽማግሌዎች፣ የተከበራችሁ ቄሶቻችንም፤ በሚመጣው ማክሰኞ ማታ አንድ ቤት ለእርቅ ተጠርተናል። ከመሄዳችን በፊት ይህን አንብቡልኝ። ዓይኑ የደከመ ካለ ልጁ ታንብብለት፤ ሴት ልጁ ብትሆን ደግሞ ይሻላል።

በጁን 30 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ቂርያት ሐይም ላይ ከሥራ ሰዓቱ ውጭ የነበረ ፖሊስ የ18 ዓመት ኢትዮጵያዊ ልጃችንን ተኩሶ ገደለው። በማግሥቱና በሳልስቱ የእስራኤል አውራ ጎዳናዎች ተዘጉ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ልጆቻችን በጭስ ውስጥ አመሹ። እኛም ተጠራን፤ ሽማግሌ የሚጠራው እሳት ሲነሳ ነው። ጋቢዬን ደርቤ፣ ዘንጌን ይዤ ከሰፈራችን በላይ ወዳለው መስቀለኛ መንገድ ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ እግሯን ዘርግታ የተቀመጠች አንዲት ልጅ አየሁ፤ ሃያ ዓመትም አይሞላት። ጉልበቷ ላይ በዕብራይስጥ የተጻፈበት ካርቶን አስደግፋለች። ጎንበስ ብዬ፣ «ልጄ፣ ተነሺ፤ ወደ ቤትሽ ግቢ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። እዚሁ ስለተወለደች አማርኛዋ አንቱን አያውቅም። «እናቴንም እንደዚህ ነው ያልካት» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የማን ልጅ እንደሆነች ያወቅኋት።

እናቷን ያስታረቅነው ሦስት ሆነን ነበር። ሁለቱ አሁን በሕይወት ስለሌሉ ጥፋቱን የምናገረው በራሴ ላይ ነው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ባልየው አንድ ሰዓት ሙሉ ተናገረ፤ ትንቀኛለች፣ ገንዘቧን ትደብቃለች፣ ስልክ ታበዛለች አለ። እሷ የወጥ ቤቱን በር ተደግፋ ቆማ ነበር። ተቀመጪ ያላት የለም። በመጨረሻ፣ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለን ስንጠይቃት የእጅጌዋን ጫፍ ወደ ጣቶቿ ሳብ አደረገችው። የሐምሌ ሙቀት ነው፤ እኛ ላባችንን እየጠረግን ነው፤ እሷ የለበሰችው ረጅም እጅጌ የሱፍ ሹራብ ነው። ሦስታችንም አየን። አንዳችንም አልጠየቅንም። «እናንተ እንዳላችሁ» አለች፤ ይቅር ለእግዚአብሔር አባባልናቸው፤ መርቀን ወጣን። በዘጠነኛው ቀን ሆስፒታል ገባች። በሕይወት ተረፈች፤ ቀኝ እጇ ግን ከትከሻዋ በላይ አይነሳም።

ስለዚህ ነገር ብዙ አስቤአለሁ። እርቁን የከዳው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ጎንደር እያለን እርቅ ጥርስ ነበረው። የተመታች ሴት ወደ አባቷ ቤት ትሸሻለች፤ ሽማግሌ የሚልከው፣ ደጅ የሚጠናው ባልየው ነው። ወንድሞቿ ከወንዝ ማዶ አሉ። ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ ስም ያለው፣ በሬ ያለው ሰው ነው፤ ባልየው ዳግመኛ እጁን ቢያነሳ ተጠያቂው እሱ ነው። ጩኸት ሲሰማ ጎረቤት አጥር ዘሎ ይገባል። ያ ዘመን ለሴት መልካም ነበር አልልም፤ እናቴ ተመትታ ያደረችበትን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ግን ቃላችንን የሚጠብቅልን አገር ከኋላችን ነበር። እዚህ ወንድሟ ቂርያት ጋት ነው፣ እህቷ ሃዴራ። ባልየው የብረት በር ይቆልፋል፤ ጎረቤቱ ቋንቋችንን የማያውቅ ሩሲያዊ ነው። እኛ ምርቃቱን ይዘን መጣን፤ ዋሱን እዚያው ትተነው መጣን። ይህን ያህል ዓመት ሳስታርቅ፣ እዚህ አገር ዋስ ጠርቼ አላውቅም። ከእናንተ መካከል የጠራ ካለ ይንገረኝ።

የወንዱም ቁስል ይገባኛል። እርሻውን፣ በሬውን፣ በሰው ፊት የሚቆምበትን ስሙን ጥሎ ነው የመጣው። እሷ ዕብራይስጡን ቀድማ ለመደች፤ ጽዳትም ቢሆን ሥራ ያዘች፤ ደመወዟ በስሟ ባንክ ገባ። እሱ የመንግሥት ደብዳቤ በልጁ አፍ የሚሰማ ሆነ። ይህን ሐዘን እናውቀዋለን፤ እናውቀዋለንና ለእሱ እናደላለን። እኛ ከአገሩ ሕዝብ ከመቶ ሁለት እንኳ አንሞላም። በባሎቻቸው እጅ ከሞቱት ሴቶች መካከል ግን የልጆቻችን ድርሻ ለዓመታት ከቁጥራችን በብዙ እጥፍ በልጦ ኖሯል። ከእነዚያ ቤቶች ስንቱ ውስጥ ቀድመን ቡና ጠጥተናል?

ፍትሕ ስንጠይቅ የኖርን ሰዎች ነን። በ1985 ራቢዎቹ አይሁድነታችሁን ውኃ ውስጥ ተነክራችሁ አረጋግጡ ሲሉን ኢየሩሳሌም በዋናው የራቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ተቀመጥን። በጃንዋሪ 1996 የለገስነውን ደም የደም ባንኩ በስውር ሲደፋው እንደኖረ ሲሰማ፣ አሥር ሺህ ያህል ሆነን ወደ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ወጣን። በ2015 ሖሎን ላይ ወታደር ልጃችን በፖሊስ ሲደበደብ በካሜራ ታየ፤ ያን ጊዜም ወጣን። በእያንዳንዱ ቀን ሴቶቹ ከእኛ እኩል፣ ሕፃን አዝለው ቆመዋል። ከዚያ በፊትም ወደዚህ አገር ስንመጣ፣ በሱዳን መንገድ ወደ አራት ሺህ የሚሆኑ ወገኖቻችን ሲረግፉ ልጆቻቸውን በእጃቸው የቀበሩት እነሱ ናቸው። ሰልፉ አብቅቶ ባለሥልጣን ለውይይት ሲጠራን ግን የገባነው እኛ ወንዶቹ ነበርን። በማግሥቱ ጋዜጣ ላይ የሴት ፎቶ ካለ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና የምታለቅስ እናት ናት።

ከሁሉ የሚከብደኝ የመርፌው ነገር ነው። በዲሴምበር 2012 አንዲት ጋዜጠኛ ከ30 በላይ ሴቶቻችን የነገሩትን በቴሌቪዥን አወጣች፤ ገና ኢትዮጵያ በመጠባበቂያ ካምፕ እያሉ ወሊድ የሚከለክል መርፌ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው እንደተወጉ፣ አንዳንዶቹም እምቢ ካላችሁ አትሄዱም እንደተባሉ ተናገሩ። መርፌው በየሦስት ወሩ የሚደገም ነው። በጃንዋሪ 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር፣ የመድኃኒቱን ጉዳት ላልተረዱ ሴቶች ትእዛዙ እንዳይታደስ ለሐኪሞች ጻፉ። በ2016 ደግሞ የመንግሥት ተቆጣጣሪው፣ ሴቶቹ በማስፈራራት ተወጉ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኘሁም አለ። የተቆጣጣሪውን ሥራ ለእሱ እተዋለሁ። የኔ ጥያቄ ለእኛ ነው። ወሬውን ከሚስቶቻችን አፍ ከዓመታት በፊት ሰምተን ነበር። ለደሙ አሥር ሺህ ሆነን ወጣን። ለማህፀናቸው «የሴት ጉዳይ ነው» ብለን ዝም አልን።

የመርፌው ነገር በቴሌቪዥን በተሰማበት በዚያው ክረምት፣ በሁለት ወር ውስጥ፣ ፕኒና ታማኖ ሻታ በኢትዮጵያ ከተወለዱ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና የአገሩ ምክር ቤት ክኔሴት ገባች፤ የእስራኤል የቁንጅና ዘውድም ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያዊት ልጅ ራስ ላይ ተደፋ። በ2016 ሁለት ሴቶቻችን ዳኛ ሆኑ፤ በ2020 ፕኒና ሚኒስትር ሆነች። በየሠርጉ ስማቸውን እየጠራን ኮራን፤ መኩራታችን ትክክል ነው። ነገር ግን አገሩ በዳኝነት ወንበር ያስቀመጣትን ሴት፣ እኛ በእርቅ ቤት ከወጥ ቤቱ በር አላሳለፍናትም። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» እያልን እስከ ዛሬ እንተርታለን። ውጭ ያለው ጥቁር ቆዳዋን አይቶ ይገፋታል፤ ቤት ስትገባ ሴት ናት ብለን እኛ እንገፋታለን። የምትሸሸው ወዴት ነው?

አንዳንዶቻችሁ ገመናችንን ለባዕድ አናውጣ ትሉኛላችሁ፤ ባህላቸው ነው ብለው ይሰድቡናል ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ይሰድቡናል፤ እኔም ስድቡ ያቃጥለኛል። ግን ገመናችን ያሳደግናት ልጅ ገላ ላይ ያለ ሰንበር ከሆነ፣ እኛ ዝም ስላልን አይጠፋም፤ አስከሬኗ ሲወጣ ያን ጊዜ ካሜራው ይመጣል። ልጆቹም እያዩን ነው። መስቀለኛው መንገድ ላይ ያገኘኋት ልጅ ፖሊሱንና እኔን በአንድ ዓይን ነው ያየችን። ነገ እንደገና እሳት ሲነሳ፣ ጋቢያችንን ደርበን ስንወጣ፣ የሚሰማን አይኖርም። ጸሎታችን ምን እንደሚሆን ቄሶቻችን ከኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ የማክሰኞው ነገር። ሴትዮዋ ትቀመጣለች፤ ቀድማ የምትናገረውም እሷ ናት፤ ባልየው ከክፍሉ ወጥቶ ይጠብቃል። ከባልቴቶቻችን ሁለት ከእኛ እኩል ይፈርዳሉ፤ ነግሬአቸዋለሁ፣ እሺ ብለዋል። እፈራለሁ ካለች እርቅ የለም፤ የት እንደምታድር ሳናውቅ ከዚያ ቤት አንወጣም፤ ለፖሊስም ለማኅበራዊ ሠራተኛም ቢሆን እኔ ራሴ አብሬአት እሄዳለሁ። እታረቃለሁ ካለች ደግሞ ዋስ ይጠራል፤ በስሙና በስልክ ቁጥሩ ተጽፎ፣ በየሳምንቱ በሩን የሚያንኳኳ ዋስ።

ቀጠሮው ከምሽቱ በ1 ሰዓት ነው። እኔ በ12 ተኩል ከሕንጻው ደረጃ ሥር ቆሜ እጠብቃችኋለሁ። በዚህ የማይስማማ ካለ እዚያው ይንገረኝ፤ ላይ ወጥቶ ከእኔ ጋር አይቀመጥ።