«ኤስ ፒ ኤስ የለንም» ምክንያት አይደለም

«ኤስ ፒ ኤስ ስለሌለን ሴራሚክ ኤሌክትሮላይት ላይ ቴሲስ አይሠራም።» ይህን ከስንት ተማሪ እንደሰማሁ ቁጥሩ ጠፍቶኛል። ኤስ ፒ ኤስ ማለት ዱቄትን እየተጫነ በኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያግለው ውዱ ማሽን ነው። አማካሪው ይህን ይናገራል፣ ልጁ ርዕሱን ይቀይራል፣ በቃ። እኔ ግን ስህተት ነው እላለሁ፤ ያውም በሳይንሱ በራሱ።

ሲንተሪንግ ዱቄትን ሙሉ በሙሉ ሳያቀልጡ ቅንጣቶቹን አያይዞ ጠጣር ማድረግ ነው። ለባትሪ ሜምብሬን ዋናው ጥያቄ «ስንት ዲግሪ ጋለ?» አይደለም። የሊቲየም አዮኑ ከአንዱ ቅንጣት ወደ ሌላው ሲሻገር ድንበሩ ላይ ምን ያጋጥመዋል? ጥያቄው ይሄ ነው።

ከፍተኛ ሙቀት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ኤል ኤል ዜድ ኦ የምንለው ጋርኔት በተለመደው መንገድ ከ1100 ዲግሪ በላይ ለሰዓታት ይቆያል። እዚያ ላይ ሊቲየሙ ይተናል፤ ብዙ ከተነነ ሊቲየም የማያሳልፍ ላንታነም ዚርኮኔት ይተርፋችኋል። ኮምፖዚት ሲሆንማ ይብሳል። ከሴራሚኩ ጋር ፖሊመር ቀላቅላችሁ 1100 ዲግሪ ብታስገቡት ምን ይቀራል? አመድ እንኳ አይቀርም።

በ2016 የፔን ስቴቱ የክላይቭ ራንዳል ቡድን ኮልድ ሲንተሪንግን ይዞ ብቅ አለ። ዱቄቱን በጥቂት ፈሳሽ ታርሳላችሁ፣ ትጫናላችሁ፣ ከ300 ዲግሪ በታች ታሞቃላችሁ። ፈሳሹ የቅንጣቶቹን ጠርዝ በከፊል ያሟሟል፤ ሲተን ደግሞ የሟሟው መልሶ ክፍተቱን ይሞላል። በኋላም ይህ መንገድ ሴራሚክና የሊቲየም ጨውን በ130 ዲግሪ አጣምሮ፣ በክፍል ሙቀት በሴንቲሜትር ከ0.0001 ሲመንስ በላይ የሚያስተላልፍ ኤሌክትሮላይት ሰጥቷል።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። 400 ሜጋፓስካል ያስፈራል አይደል? በ13 ሚሊሜትር ዳይ ላይ ግን 5 ቶን ተኩል ገደማ ነው። ለኢንፍራሬድ የፖታሲየም ብሮማይድ ፔሌት የምንሠራበት ፕሬስ ይችለዋል። ዳይው ዙሪያ ማሞቂያና ቴርሞካፕል ጨምሩበት፤ ሥራ ጀመራችሁ።

«ጥራቱስ?» ይሉኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁሉም ቁስ ለዚህ አይመችም፤ ጋርኔት ራሱ ውሃ ሲነካው ሊቲየሙን በፕሮቶን ይለውጣል። በዝቅተኛ ሙቀት የተያያዘ ድንበርም አዮኑን ሊያግተው ይችላል። ይህን የሚነግረን ግን ልኬት እንጂ የማሽኑ ዋጋ አይደለም። ኢምፒዳንስ ለኩ፣ የቅንጣቱንና የድንበሩን ሬዚስታንስ ለዩ። ዴንሲቲ ስትለኩ ጨው ያለበትን ናሙና ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ይሟሟባችኋል፤ በሚዛንና በካሊፐር አስሉት። 80 በመቶ ከወጣ 80 ብላችሁ ጻፉ። በውድ ማሽን ተሠርቶ ድንበሩ ካልተለካ ፔሌት ይህ ይሻላል።

ኤስ ፒ ኤስ ይገዛ፣ ማን ይጠላል? እስኪገዛ ድረስ ግን «ላም አለኝ በሰማይ» እያልን የልጆቹን ዓመታት አናባክን። አማካሪ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ተማሪ ይህን ርዕስ ይዞ ሲመጣ «ማሽን አለ ወይ?» ከማለታችሁ በፊት «ድንበሩን እንዴት ልትለካው አስበሃል?» በሉት።

የማይስማማ ኮሜንት ላይ ይምጣ። ዳታ ይዞ ግን!