ደመወዝና ኅሊና

ተምሮ ሥራ መያዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥራው አንደበታችንን የሚዘጋ ከሆነ መማራችን ለማን ይጠቅማል? አሜሪካዊቷ መምህርት ወይዘሮ ሴፕቲማ ክላርክ ለዚህ ጥያቄ በሕይወታቸው መልስ ሰጥተዋል።

እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1956 የሣውዝ ካሮላይና መንግሥት ሠራተኞቹ ኤን ኤ ኤ ሲ ፒ የተባለው የጥቁሮች መብት ማኅበር አባል እንዳይሆኑ በሕግ ሲከለክል፣ እርሳቸው አባልነቴን አልሸሽግም በማለታቸው 40 ዓመት ካስተማሩበት ሥራ ተባረሩ፤ ጡረታቸውንም አጡ።

ዳሩ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ1957 በጆንስ ደሴት፣ በአንድ ሱቅ ጓዳ፣ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ከባልደረቦቻቸው ጋር አቋቋሙ፤ የንባብ ፈተናው ብዙ ጥቁሮችን ከምርጫ መዝገብ ያስቀር ነበርና። የመጀመሪያዋ አስተማሪ ፀጉር ሠሪ ነበሩ። ፊደል የቈጠሩት ጎልማሶች ስማቸውን ፈርመው መራጮች ሆኑ።

እኛም ለወንበራችን ስንሠጋ እኒህን መምህርት እናስብ፤ ሥራ ቢነጠቅ ዕውቀት አይነጠቅምና።