ስለ መንገደኛ ገበታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ብርሃንን ዐልፎ፥ በጣርማ በር ተራራው ተፈልፍሎ የተሠራውን ዋሻ በተሻገረ ጊዜ፥ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የደጋ ብርድና ጉም ወጥቶ በጠመዝማዛው ቍልቍለት ወደ ይፋት ቆላ ይገባል። ሸዋ ሮቢት ሲደርስም ከዋናው ከተማ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቋል፤ በማለዳ የተነሣ ስለ ኾነ ርቦታል፤ በደጋው የደረበውን ጋቢ ሙቀቱ አስወልቆታል፤ ሕፃን ያዘለች እናትም ውሃና ጥላ ትሻለች። በዚህ ሰዓት የሚያገኘው ገበታና የሚቀበለው ፊት የጕዞው ግማሽ ነው ቢባል ሐሰት አይኾንም።

ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚመላለሰው ሕዝብ በምግብ ቤቶች ስለሚያገኘው መስተንግዶ የሚያሰማው ቅሬታ የቈየና የታወቀ ነው። አውቶቡሱ በቆመበት ደጃፍ ወርዶ ሲቀመጥ ምን ልታዘዝ የሚለው የለም፤ አሳላፊውን ደጋግሞ ቢጠራ የሚመጣለት መልስ ግልምጫ ነው። የትናንት እንጀራ ጠርዙ ደርቆ፥ ወጡም ቀዝቅዞ ወይም ደጋግሞ ተሙቆ ይቀርብለታል። ዋጋውን አስቀድሞ የጠየቀ እንደ ቋጣሪ ይታያል፤ ሳይጠይቅ የበላ ደግሞ የከተማው ሰው ከሚከፍለው አብልጦ ይከፍላል፤ መልሱን ሲጠብቅም ዝርዝር የለም ይባላል። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ የኾነ እንደ ኾነ፥ የጾም ተብሎ የቀረበው ወጥ ሥጋ በተሠራበት ድስት አለመሠራቱን፥ በዚያው ጭልፋም አለመጨለፉን የሚያረጋግጥለት የለም። ይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን የሚኖርበት አገር ስለ ኾነ፥ ሥጋው በማን እጅ እንደ ታረደ በግልጥ መናገር የባለ ቤቱ ግዴታ ሊኾን ይገባ ነበር፤ የጠየቀውን መንገደኛ እንደ ነገረኛ የሚያይ ግን አይጠፋም። በመጨረሻም ምግቡ ገና ቀርቦ ሳይቈረስ የአውቶቡሱ ጥሩምባ ይነፋል፤ መንገደኛውም ያልበላውን ከፍሎ ይሄዳል።

ይህ በኹሉም ቤት የሚደረግ አይደለም። እጅ መታጠቢያውን ሞልቶ፥ ገበታውን ወልውሎ፥ እንኳን ደኅና መጣችኹ ብሎ የሚቀበል ቤት በዚሁ መንገድ አለ። ለዚህ ቤት የሚቻለው ነገር ለጎረቤቱ ለምን ሳይቻል ቀረ ብሎ መመርመር ነው የሚገባው።

ምክንያቱ የሰው ክፋት ነው ብሎ መፍረድ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ባለ ምግብ ቤቱ የሰፈሩን ሰው ቢበድል በማግሥቱ ደንበኛውን ያጣል፤ በእድርም በማኅበርም ፊት ያፍራል። መንገደኛው ግን ዛሬ ተበድሎ ቢሄድ ነገ የሚመጣው ሌላ መንገደኛ ነው፤ የተበደለውም ከኋላው ለሚመጣው የሚነግርበት ስፍራ የለውም። ከዚህም በላይ ቤቱን የሚመርጠው በላተኛው አይደለም፤ ሾፌሩ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ አውቶቡሱን ወደ ደጃፉ ይዘው በመምጣታቸው በብዙ ስፍራ ያለ ዋጋ እንዲበሉ መደረጉን በመንገድ የተመላለሰ ኹሉ ያውቀዋል፤ ትኵሱ ጥብስና የዛሬው እንጀራም ለእነርሱ ይቀርባል። እንግዲህ የቤቱ እውነተኛ ደንበኛ ማን እንደ ኾነ ግልጥ ነው። 50 መንገደኛ ያዘነበት ቤት አንድ ሾፌር እስካልተቀየመው ድረስ ገበያው አይጐድልበትም፤ የሾፌሩ ምሳ ዋጋም ከሰማይ አይወርድምና በ50ዎቹ ሒሳብ ላይ ተከፋፍሎ ይወጣል።

ይፋት እኮ እንግዳ የማያውቅ አገር አልነበረም። በ13ኛውና በ14ኛው መቶ ዓመት የወላስማ ወገኖች በገዙት ዘመን ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ የሚወጣው የነጋዴ መንገድ በዚህ አገር ያልፍ ነበር፤ እስካሁን የድንጋይ ፍርስራሻቸው የሚታየው እንደ ኖራና እንደ አስበሪ ያሉት ከተሞች የዚያ ዘመን ከተሞች ናቸው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ዘመን፥ በ1833 ዓ.ም.፥ የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ ከታጁራ ተነሥቶ ወደ አንኮበር የወጣው በይፋት በኩል ነው። በዚያን ጊዜ ለንጉሥ እንግዳ በየዕለቱ ድርጎ ይታዘዝለት ነበር። ለተራው መንገደኛም ቢኾን የመሸበትን ሰው የእግዜር እንግዳ ብሎ ማሳደር፥ ውሃ አሙቆ እግሩን ማጠብ የገበሬው ቤት ወግ ነበር። እህልን ለተራበ መሸጥ ግን እንደ ነውር ይቈጠር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በ1900 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ባስከፈቱ ጊዜ ሰው በገንዘብ ገዝቶ መብላትን አፍሮበት እንደ ነበረ፥ ዐፄ ምኒልክም ራሳቸው ከመኳንንቶቻቸው ጋራ በልተው በመክፈል ለሕዝቡ እንዳሳዩ ይተረካል።

ከዚያ ወዲህ ምግብ መሸጥ ነውርነቱ ቀርቶ የተከበረ ሥራ ኾኗል፤ ይህም መልካም ነው። የሚያሳዝነው በብዙ መንገድ ዳር ቤቶች የጥንቱ የእንግዳ አክብሮት ሲሄድ በምትኩ ሊመጣ የሚገባው የንግድ ሥርዓት፥ ማለት የታወቀ ዋጋ፥ ያልጐደለ መስፈሪያ፥ ንጹሕ ዕቃ አለመምጣቱ ነው። መንገደኛው በኹለቱ መካከል ወድቋል፤ እንደ እንግዳ አይከበርም፥ እንደ ገዢም አይቈጠርም። እንግዳ በፊተኛው ቀን ወርቅ፥ በማግሥቱ ብር፥ ሲሰነብት ብረት ነው ይባላል፤ የአንድ ሰዓት እንግዳ ግን ከመኪና ሳይወርድ ብረት ኾኖ ይቈያል።

በባለ ቤቶቹም ላይ ፍርድ ማጓደል አይገባም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በእሳት ስትጠፋ፥ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወርም ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ የብዙ ሰው ቤትና ንብረት ወድሟል፤ ከዚያም ወዲህ መንገዱ በጸጥታ ችግር በየጊዜው በመቋረጡ አውቶቡስ ሳያይ የሰነበተ ምግብ ቤት ጥቂት አይደለም። ይመጣል ብሎ ያስጋገረው እንጀራ የተረፈበትን ባለ ቤት በየቀኑ አዲስ አስጋግረህ ጠብቅ ብሎ ማዘዝ ለአዛዡ ይቀላል። አሳላፊዋም ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጣች ልጅ ናት፤ ከንጋት እስከ ምሽት በቆላ ሙቀት ቆማ ውላ የምታገኘው ደመወዝ ጥቂት ነው፤ በሥራዋ ያልተከበረች ሌላውን እንድታከብር ትጠየቃለች።

ይህ ኹሉ ይታሰብ። ኾኖም ፊትን መፍታት ገንዘብ አያስወጣም፤ አበው ከፍትፍቱ ፊቱ ያሉት በጥጋብ ዘመን ብቻ አይደለም። ቆላውም ባዶ አይደለም። በሮቢ ወንዝ መስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ይለማል፤ ማንጎና ፓፓያ ይበቅላል፤ የይፋት ማሾም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ እስከ መሸጥ ደርሷል። አትክልት በጭነት መኪና ተጭኖ በሚወጣበት ከተማ መንገደኛ በደረቀ እንጀራና በቀጠነ ሽሮ መሸኘቱ የችግር ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል።

በበዓል ሰሞን ነገሩ ይብሳል። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የግሸን በዓል ብዙ ምእመናን በዚህ መንገድ ይወጣሉ፤ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም ሳይሳለሙ፥ ከሐይቁም ዳር ሳያርፉ መመለስ የማይወዱ አሉ። በአገሪቱ ባሉት ሐይቆች ዳር ለበዓል ከሚያርፉ ሰዎች የሚሰማውም ወሬ ከመንገደኛው ወሬ ጋራ ይመሳሰላል፤ ያዘዙትን ዓሣ ረዥም ሰዓት መጠበቅ፥ ያረረ ወይም ያልበሰለ መቀበል፥ ቢናገሩ መገላመጥ። ምክንያቱም ያው ነው። የበዓል እንግዳ በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ባለ ቤቱም የሚሸጥለት ሐይቁን ማየት ነው፤ ዓሣው እንደ ምርቃት ይቀርባል።

እንግዲህ የሹማምንቱ ሥራ ከየት እንደሚጀምር ከዚሁ ይታያል። ባለ ቤቱን መገሠጽ ብቻ አይበቃም፤ መንገደኛው ቤት እንዲመርጥ ማድረግ ያሻል። አውቶቡሱ በአንድ ቤት ደጃፍ መቆሙ ቀርቶ በዙሪያው ብዙ ምግብ ቤቶች ባሉበት አደባባይ እንዲቆም፥ የማረፊያውም ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደ ኾነ ከመውረዳቸው በፊት እንዲነገር የትራንስፖርት ሹሞች ቢያዝዙ፥ ቤቶቹ ስለ በላተኛው መፎካከር ይጀምራሉ። የአውቶቡስ ባለ ንብረቶችም ለሾፌርና ለረዳት የምሳ አበል ቢሰጡ፥ የእነርሱ ምሳ በመንገደኛው ሒሳብ መግባቱ ይቀራል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴ የዕቃውንና የአገልግሎቱን ዋጋ በግልጥ ስፍራ እንዲያመለክት ደንግጓል፤ ይህ ትእዛዝ ለከተማ ሱቅ ብቻ የወጣ አይደለም። የጤና ተቈጣጣሪም ድስቱንና መጸዳጃውን ማየት የሚገባው አውቶቡስ በሚቆምበት ሰዓት ነው እንጂ ቤቱ አስቀድሞ ተነግሮት በተዘጋጀበት ቀን አይደለም።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። አብርሃም በቀትር ፀሓይ ከድንኳኑ ደጅ ሮጦ የማያውቃቸውን ሦስት እንግዶች እንደ ተቀበለ፥ ውሃውንና ጥላውን ከምግቡ እንዳስቀደመ በየጊዜው ይሰበካል፤ ስብከቱ በቆላ መንገድ ዳር ቤት ከፍቶ የሚኖረውን ምእመን በስሙ ባይኾን በሥራው ሊነካው ይገባል። ለግሸን ሕዝብ አስከትለው የሚወጡ የጕዞ ማኅበራትም የምሳውን ቤት ለሾፌሩ ከመተው ይልቅ አስቀድመው ሰው ልከው ቢመርጡ፥ የጾም ቀን ከኾነም ድስቱ የተለየ መኾኑን ቢያረጋግጡ፥ ዋጋውንም ቢስማሙ፥ በአንድ ቀን ብዙ በላተኛ ይዞ የሚመጣን ማኅበር የሚንቅ ቤት አይኖርም። ለዚህ ኹሉ ጊዜው የነሐሴ ወር ነው፤ በመስከረም አውቶቡሶቹ መንገድ ከገቡ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ጥሩምባው ሲነፋ ያልቃል። ዋጋን በትልቅ ፊደል ጽፎ በደጅ ላይ ማቆም ደግሞ ከአንድ ሰሌዳና ከአንድ ቆርቆሮ ቀለም የበለጠ ወጪ የለውም።